ጅማ ላይ «ኦብሎንግ» ጠረጴዛ ያሠራሁበት እንጨት ቤት

ሰላም ለሁላችሁም፣ የአዲሱን ጠረጴዛችንን ፎቶ ያየ ሰው ሁሉ የት አሠራሽው ማን ሠራው እያለ ስለጠየቀኝ ለየአንዳንዱ ከምመልስ አንዴ ልጻፈው ብዬ ነው። ትንሽ ይረዝማል ይቅርታ፣ ምክንያቱም መሀሉ ላይ «ኦብሎንግ» የምትባል የእንግሊዝኛ ቃል አለች፣ እሷን ሳልናገር ሁለተኛውን አናጢ ለምን እንደወደድኳቸው ማስረዳት አልችልም። እኔ ደሞ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ነኝ፣ ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል፣ ቅርጽ የሚገልጹ ቅጽሎችን በየዓመቱ አስተምራለሁ፣ ስለዚህ ነገሩ ከጠረጴዛም በላይ ነው የነካኝ።

መጀመሪያ ጠረጴዛው ለምን እንዳስፈለገን ልንገራችሁ። ሳሎናችን ጠባብ ነው፣ ርዝመቱ አራት ሜትር ተኩል ወርዱ ሦስት ሜትር፣ ሶፋና ቲቪ ከገባበት በኋላ ማለፊያ ብዙ አይተርፍም። የድሮው ጠረጴዛ ባለ አራት ማዕዘን ነው ጫፉም ሹል ነበር፣ ልጄ ሁለት ዓመቷ ነው፣ ቁመቷ እያደገ መጥቶ ግንባሯ ልክ ከጠረጴዛው ጠርዝ ጋር እኩል ሆነ፣ በደንብ መሮጥ የጀመረችውም ያኔ ነው፣ በአንድ ወር ውስጥ ሁለቴ ማዕዘኑ መታት፣ በሁለተኛው ደም ነበረው፣ ጤና ጣቢያ ወስደናት ተሰፋች። ባለቤቴ ጫፎቹ ላይ ስፖንጅ ለጥፎ ነበር እሷ ግን እየላጠች ትጥለዋለች። ከዛ ቀን በኋላ ያንን ጠረጴዛ ቤቴ ውስጥ ማየት አልቻልኩም።

ክብ እናድርገው ብለን አስበን ነበር፣ ግን ለስድስት ሰው የሚበቃ ክብ ወርዱም ርዝመቱም 120 ሳንቲ አካባቢ ይሆናል፣ ያን ሦስት ሜትር ላይ ካስቀመጥነው ሶፋው ጋር ለመድረስ በጎን መሄድ ነው። ስለዚህ የምንፈልገው ረዘም ያለ፣ ጠበብ ያለ፣ ማዕዘን የሌለው። ኢንተርኔት ላይ ስፈልግ ልክ የልቤን አገኘሁ፣ ሁለቱ ረጃጅም ጎኖች ቀጥ ያሉ ናቸው፣ ሁለቱ ጫፎች ደሞ ግማሽ ክብ፣ የስታዲየም መሮጫ አይታችኋል አይደል ልክ እንደዛ። ከፎቶው ሥር የተጻፈው ስም «ኦብሎንግ ቴብል» ነው። በቃ ስሙን ያዝኩ።

የመጀመሪያው እንጨት ቤት ስሙን አልጠቅስም፣ ጅማ ውስጥ ነው ይበቃል። በስልክ ደውዬ «ኦብሎንግ፣ 160 በ 80፣ ዋንዛ» አልኩት፣ አውቀዋለሁ ብዙ ሠርቻለሁ አለኝ፣ ደብተሩ ላይ ጻፈ፣ ቀብድ ላክሁ። ፎቶውን አልላክሁለትም እሱም አልጠየቀኝም። ከሁለት ሳምንት በኋላ ስሄድ የጠበቀኝ ጠረጴዛ ጥርት ያለ አራት ማዕዘን ነው፣ ጫፉ ከድሮው የባሰ ሹል። ኦብሎንግ ነበርኮ ያልኩህ ስለው «ታዲያ ይሄ ምንድነው፣ ኦብሎንግ ማለት ካሬ ያልሆነ አራት ማዕዘን ነው፣ መዝገበ ቃላት እዪ» አለኝ። ማዕዘኖቹን ቢያንስ አዙርልኝ ብለው አዲስ ሥራ ነው አዲስ ክፍያ ነው አለ፣ ቀብዱም አይመለስም፣ ከዛ በኋላ ስልኬን ማንሳት አቆመ። ጠረጴዛውን አልወሰድኩም። ለልጄ ብዬ እንደሆነ ስነግረው እንኳን አልሰማኝም፣ እሱ ነው እስካሁን የሚያናድደኝ።

ግን እውነቱን ለመናገር ማታ ቤት ገብቼ ሳነብ በቃሉ ሰውዬው አልተሳሳተም። እኔም አልተሳሳትኩም። ይሄን ማወቅ ለኔ ትልቅ ነገር ነው የሆነው፣ ስንት ዓመት ለተማሪ ሳስተምር ኦብሎንግ ማለት ሞላላ ብዬ ነበር የማልፈው።

ቃሏ የላቲን ናት፣ «ኦብሎንጉስ» ከሚለው የመጣች፣ «ሎንጉስ» ረጅም ማለት ነው፣ ስለዚህ ሥሯ ረዘም ያለ፣ ወደ ርዝመት ያደላ እንደማለት ነው፣ እንግሊዝኛ ውስጥ ከ15ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ አለች። ልብ በሉ፣ ሥሯ ላይ ስለ ማዕዘን ምንም የተባለ ነገር የለም፣ ስለ ክብም የለም፣ የምትለው አንድ ነገር ብቻ ነው፣ ይሄ ነገር በአንድ በኩል ተዘርግቷል። ከዛ በኋላ ነው መንገዱ የተለያየው። እንግሊዞቹ ዘንድ ኦብሎንግ ሲባል ብዙ ጊዜ ሰው አእምሮ ውስጥ የሚመጣው አራት ቀጥ ያሉ ጎኖች፣ አራት ባለ 90 ዲግሪ ማዕዘኖች፣ ሁለቱ ጎኖች ከሁለቱ የሚረዝሙበት ቅርጽ ነው። አሜሪካኖቹ ደሞ ይሄንንም ይሉታል፣ ክብም ሆኖ የተለጠጠውን፣ ጫፉ የዞረውንም ኦብሎንግ ይሉታል። የኔ ፎቶ ከነሱ የመጣ መሆን አለበት።

ትምህርት ቤታችን ያለው የሒሳብ አስተማሪ ሲሰማ በጣም ነው ደስ ያለው፣ ለነሱ ቃሉ ጥቅም አለው አለኝ። ካሬም እኮ ሬክታንግል ነው፣ ማዕዘኖቹ ሁሉ 90 ስለሆኑ፣ ስለዚህ ሬክታንግል ስትዪ ካሬውንም ጨምረሽ ነው፣ ካሬ ያልሆነውን ብቻ ለይተሽ መጥራት ስትፈልጊ ኦብሎንግ ትያለሽ። ኦብሎንግ የሚባሉ ቁጥሮችም አሉ፣ 2፣ 6፣ 12፣ 20፣ 30 እያሉ ይሄዳሉ፣ ጠጠር ደርድራችሁ ብታዩት 12 ሦስት ረድፍ በአራት ነው፣ 20 አራት በአምስት፣ ሁልጊዜ አንዱ ጎን በአንድ ጠጠር ይበልጣል፣ ካሬ ሊሆን ትንሽ የቀረው ማለት ነው። ይሄን ለተማሪዎቼ በቡና ፍሬ አሳየኋቸው፣ የጅማ ልጅ ለቡና ፍሬ አይቸገርም።

ወንድሜ ደሞ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሜዲስን ነው የሚማረው፣ እራት ላይ ሳወራለት እንዴ ሜዱላ ኦብሎንጋታ አለ አይደል አለኝ። የአንጎል ግንድ የሚባለው የታችኛው ክፍል ነው፣ ከአከርካሪው ጋር የሚያያዘው፣ ትንፋሽና የልብ ምትን የሚቆጣጠር። ያ ነገር ረዘም ያለ፣ ወደ ታች እየቀጠነ የሚሄድ ነው፣ አራት ማዕዘን የሚባል ነገር የለውም ግን ስሙ ላይ ኦብሎንጋታ አለ። ዕጽዋት የሚያጠኑትም ስለ ቅጠል ሲጽፉ ጎንና ጎኑ እኩል እኩል የሚሄድ፣ ጫፉ ግን ሹል ያልሆነ ረዘም ያለ ቅጠል ኦብሎንግ ነው ይላሉ። የኔ ጠረጴዛ እኮ በትክክል እሱ ነው! ቅጠሉ ላይ ከሆነ እኔ ልክ ነኝ፣ የእንግሊዝ ክፍል ውስጥ ከሆነ ሰውዬው ልክ ነው።

የኛ «ሞላላ» ደሞ ሌላ ጉድ አለው። ስልኬ ላይ ያለው መዝገበ ቃላት ኦብሎንግን ሞላላ ይላል፣ ኦቫልንም ሞላላ ይላል፣ ሁለቱ ግን እንግሊዝኛው ላይ አንድ አይደሉም። ኦቫል ከላቲኑ እንቁላል ነው የመጣው፣ እንቁላል ደሞ ቀጥ ያለ ጎን የለውም፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ እየታጠፈ ነው የሚሄድ፣ አንዱ ጫፍም ይቀጥናል። አማርኛ የቅርጽ ቃል ያነሰው ቋንቋ አይደለም፣ የሰው ፊት ላይ ብቻ እንኳን ሰልካካ፣ ጎራዳ፣ ደፍጣጣ እያልን አፍንጫን እንለያለን፣ ሳህንን ጎድጓዳና ዝርግ እንላለን፣ ሾጣጣ አለ፣ ድቡልቡል አለ። ሞላላ ግን ሰፊ ቃል ነው፣ ፊትም ሞላላ ነው፣ ሎሚም ሞላላ ነው። አሁን ለተማሪ ሳስተምር ሞላላን ለኦቫል እሰጥና ኦብሎንግን «ከወርዱ ርዝመቱ የሚበልጥ» ብዬ እገልጸዋለሁ፣ በአንድ ቃል አልተረጉመውም። ሲጠቀሙበትም ቦታውን እንዲይዙ፣ ከመጠን በኋላ ከቀለምና ከተሠራበት ነገር በፊት ነው የሚገባው፣ «ኤ ላርጅ ኦብሎንግ ብራውን ውድን ቴብል» ይባላል፣ ትልቁ መጀመሪያ፣ ቅርጹ ቀጥሎ፣ ቡናማው፣ እንጨቱ መጨረሻ። «ላርጅ» ከሌለ ደሞ «አን» ነው እንጂ «ኤ» አይደለም፣ በአናባቢ ስለሚጀምር።

እሺ ወደ ዋናው ልምጣ። ሁለተኛው እንጨት ቤት የአዌቱን ወንዝ ተሻግሮ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ነው፣ ትልቅ አይደለም፣ ፊት ለፊቱ ሸራ ተወጥሯል፣ አንድ ትልቅ ሰውና ሁለት ልጆች ናቸው የሚሠሩት። ስገባ ሰውዬው በርጩማ እየፈለፈሉ ነበር፣ የኛን የጅማውን፣ ከአንድ ግንድ የሚወጣውን ባለ ሦስት እግር። ጋሼ ኦብሎንግ ጠረጴዛ ይሠራሉ አልኳቸው። ቀና ብለው አዩኝና «ልጄ ስሙን ተይውና መሬት ላይ ሳዪው» ብለው ጠመኔ ሰጡኝ። እኔ እንባዬ ሊመጣ ነበር፣ ያን ሁሉ ሳምንት ማንም ያላለኝን ነው ያሉኝ።

ሲሚንቶው ላይ ሳልኩ፣ በደንብ አልተሳለም፣ ፎቶውንም አሳየኋቸው። ከዛ እሳቸው ምን አደረጉ፣ ሦስት ቅርጽ በሙሉ ልኩ ጎን ለጎን ሳሉልኝ፣ ሁሉም 160 በ 80። አንደኛው አራት ማዕዘን። ሁለተኛው ሞላላ፣ እሱን ያወጡበት መንገድ እስካሁን አይኔ ላይ አለ፣ መሀል ላይ መስቀል ሠሩ፣ የ 80 ሳንቲ ሲባጎ ከአጭሩ መስመር ጫፍ ይዘው ረጅሙን መስመር እስኪነካ ወሰዱት፣ በነካበት በግራም በቀኝም ሚስማር መቱ፣ ከዛ 160 ሳንቲ ሲባጎ በሁለቱ ሚስማሮች መሀል ላላ አድርገው አሰሩና ጠመኔውን ሲባጎው ውስጥ አስገብተው እየወጠሩ ዞሩ፣ አንድም ሳይሰበር ሞላላው ወጣ። ያን የሒሳብ አስተማሪ ጓደኛዬን በኋላ ስጠይቀው ሚስማሮቹ ከመሀል 69 ሳንቲ ከምናምን ነው መራቅ ያለባቸው፣ 80 በ 80 ስድስት ሺህ አራት መቶ፣ 40 በ 40 አንድ ሺህ ስድስት መቶ ይቀነስለታል፣ የ 4800 ሥር ነው አለኝ። ሄጄ ለካሁት፣ 69 ነው። ሰውዬው ሥር አላወጡም፣ ሲባጎው አወጣላቸው።

ሦስተኛው የኔ፣ መሀሉ ካሬ 80 በ 80 ጫፍና ጫፉ 40 ሳንቲ ሬዲየስ ያለው ግማሽ ክብ። ለልጁ በኦሮምኛ ጫፉን ጌንጎ እያሉ ነበር የሚያስረዱት፣ ክብ ማለት ነው። ከዛ ወንበር አምጥተው ጠመኔው ዳር ዳር ደረደሩና ተቀመጪ አሉኝ። ተቀመጥኩ፣ በሦስቱም። ሞላላው ላይ ጥግ ጥግ የሚቀመጠው ሰው ሳህኑ ቦታ ያጣል፣ ይሄን ፎቶ ላይ በፍጹም አታዩትም። ቤት ገብቼ ሳሰላው አራት ማዕዘኑ 12,800 ካሬ ሳንቲ ነው፣ የኔው ወደ 11,430፣ ሞላላው ወደ 10,050። ማለትም ሞላላውን ባሠራ ኖሮ ከአምስት እጅ አንድ እጁን የሚያህል ቦታ ይቀርብኝ ነበር፣ በኔው ግን ማዕዘኑ ብቻ ነው የተቆረጠው። ልጄ ስላለች ማዕዘን አልፈልግም ስላቸው ደሞ ዙሪያውን የላይኛውንም የታችኛውንም ጠርዝ አዙረው እንደሚያለዝቡት እሳቸው ናቸው የነገሩኝ፣ እኔ አላሰብኩትም ነበር።

ደረሰኙ ላይ ሥዕሉን ሳሉበት፣ ልኩን ጻፉበት፣ እሳቸውም እኔም ፈረምንበት። ኦብሎንግ የሚል ቃል አንድ ቦታ የለበትም። ቀብድ ግማሽ ነው። ዋጋውን እዚህ አልጽፍም፣ የዋንዛ ዋጋ ቶሎ ቶሎ ይቀያየራል ዛሬ የጻፍኩት ነገ ሰው ያጣላል፣ ግን ከመጀመሪያው ቤት አልተወደደም።

ሥራው ምርጥ ነው። ዋንዛው እውነተኛ ዋንዛ ነው፣ ሽፋን የተለጠፈበት ችፑድ አይደለም፣ ላዩ ከሁለት ሰፋፊ ጣውላ የተጋጠመ ነው መጋጠሚያውን ጣታችሁ አያገኘውም። ግማሽ ክቡ ከቀጥታው ጎን ጋር የሚገናኝበት ቦታ ላይ እጄን አሳልፌ የት እንደሚጀምር ማወቅ አልቻልኩም፣ ክብ ሥራ ላይ ሰው የሚሸወደው እዛ ላይ ነው ብለውኝ ነበር።

ችግሮቹንም ልናገር፣ አለበለዚያ ሪቪው አይሆንም። ዘጠኝ ቀን ዘገየ። ዝናብ ነው፣ ጣውላው አልደረቀም፣ እርጥቡን ከሠራሁት ቤትሽ ገብቶ ይጣመማል አሉኝ፣ ቀድመው ደውለው ስለነገሩኝ አልተከፋሁም ግን ለበዓል የምታሠሩ ከሆነ በደንብ ቀደም በሉ። ሁለተኛው፣ ከሥር ያለው ፊት አልለሰለሰም ነበር፣ ትልቅ ሰው ከሥር አያይም፣ የኔ ልጅ ግን ኑሮዋ እዛ ሥር ነው፣ በሁለተኛው ቀን እጇ ላይ ስንጥር ገባ። ስደውልላቸው በማግስቱ ልጁን ላኩት፣ ገልብጦ አለሰለሰው፣ ምንም አልጠየቁም። ስታዘዙ ከሥርም ይለስልስ በሉ በቃ። ሦስተኛው የቫርኒሹ ሽታ፣ ሳምንት ሙሉ ቆየ፣ ሕፃን ያለበት ቤት ከሆነ እዛው እንጨት ቤቱ ጥቂት ቀን እንዲያናፍሱት ጠይቁ። ደሞ መጀመሪያ ሲገባ ይነቃነቅ ነበር፣ የኛ ወለል ነው ጠማማው፣ ራሳቸው መጥተው አንዱን እግር ትንሽ ላጡት። ያኔ ነው እየሳቁ አራት እግር ወለል ይመርጣል፣ ሦስት እግር የትም ይቀመጣል ያሉኝ፣ በርጩማውን ማለታቸው ነው። እውነት ነው፣ ባለ ሦስት እግር በርጩማ የፈለገው መሬት ላይ ብታስቀምጡት አይነቃነቅም።

ቅዳሜ ስድስት ሆነን በላንበት፣ እናቴ ከአጋሮ መጥታ ነበር፣ ጫፍ ላይ ተቀመጠች፣ ግማሽ ክቡ ላይ፣ ሁለት የልጅ ልጆች ግራና ቀኝ አቅፋ፣ ማዕዘን ቢሆን ኖሮ ያ ቦታ ለአንድ ሰው ነበር የሚበቃው። ቡናው ሲፈላም ረከቦቱ መሀል አልፎ ሄደ፣ ማለፊያው በቃን። ልጄ ሁለቴ ተጋጨች፣ ሁለቴም ተንሸራታ አለፈች፣ አላለቀሰችም።

አሁን አራት በርጩማ አዝዣለሁ። መቀመጫው ምን ያህል ይጎድጉድ ሲሉኝ ኮንኬቭ (ወደ ውስጥ የጎደጎደ) የሚለው ቃል ምላሴ ላይ መጥቶ ነበር፣ ተውኩትና ያለቁትን አንድ በአንድ ተቀምጬባቸው ይሄኛውን አልኩ።

ቦታውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ የሰውዬውን ስልክ ሳይፈቅዱ እዚህ አልለጥፍም። የሳሎናችሁን ወርድና ርዝመት ለክታችሁ ሂዱ፣ ፎቶ ካላችሁ ያዙ። የጠረጴዛውን ቅርጽ የቆረጡበት ትልቁ ካርቶን እኔ ጋር ነው ያለው፣ 160 በ 80 ነው፣ ቤታችሁ ወስዳችሁ ወለል ላይ አንጥፋችሁ ዙሪያውን ሄዳችሁ ማየት ከፈለጋችሁ አውሳለሁ፣ ብቻ እንዳታጥፉት።